የአዋሽ ተፋሰስና ከተሞቹ
ልማት ከተማን ከከተማ ጋራ የሚያያይዝበት መንገድና ከአገር አስተዳዳሪ የሚፈለገው ጥንቃቄ

የአገር ሀብት በአንድ ስፍራ ተከማችቶ የሚቀመጥ ነገር አይደለም፤ እንደ ውሃ ካንዱ ወዳንዱ ሲሄድ ያለማል፥ በቆመ ጊዜ ግን ይበላሻል። ገበሬ ያመረተው እህል ገዢ ካጣ በጎተራ ይነቅዛል፤ ባለፋብሪካም ጥጥና ሸንኮራ የሚያቀርብለት አገር ከሌለ መኪናው ሥራ ፈትቶ ይዝጋል። ስለዚህ አንድ ከተማ የሚለማው በቅጥሩ ውስጥ ባለው ሀብት ብቻ አይደለም፤ ከሌሎች ከተሞችና ከገጠሩ ጋራ ባለው መያያዝ ጭምር ነው እንጂ። ይህም መያያዝ ከሁሉ ይልቅ ተገልጦ የሚታየው በአንድ ወንዝ ተፋሰስ ውስጥ ባሉ ከተሞች መካከል ነው።

ተፋሰስ ማለት የዝናሙ ውሃ ተጠራቅሞ ወደ አንድ ወንዝ ወይም ወደ አንድ ሐይቅ የሚወርድበት አገር ማለት ነው። ወሰኑ የተራሮች ጫፍ ነው እንጂ የአውራጃ ድንበር አይደለም። በእንጦጦ ተራራ ላይ የሚዘንበው ዝናም ለሁለት ተከፍሎ፥ በሰሜን በኩል የወረደው ወደ ዓባይ፥ በደቡብ በኩል የወረደው በአቃቂ አድርጎ ወደ አዋሽ ይሄዳል። እንግዲህ በአንድ ተራራ ላይ ጎን ለጎን የሚኖሩ ሁለት ጎረቤቶች የሁለት ተፋሰስ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ፤ የአዲስ አበባ ነዋሪና የአሳይታ ነዋሪ ግን ምንም በቋንቋና በኑሮ ልማድ ቢለያዩ የአንድ ተፋሰስ ሰዎች ናቸው። ሹመት በወሰን ይከፈላል፤ ውሃ ግን የሹመትን ወሰን አይጠብቅም።

ይህን ነገር በምሳሌ ለመረዳት ከአዋሽ የሚሻል አይገኝም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የወንዙ አካሄድ

አዋሽ የሚነሣው ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፥ በግንጪ አቅራቢያ ካለው ደጋ ነው። ከዚያም የበቾን ሜዳ አቋርጦ፥ ከአዲስ አበባ የሚወርደውን አቃቂንና የሞጆን ወንዝ ተቀብሎ ቆቃ ይደርሳል። ከቆቃ በኋላ በወንጂና በመተሐራ አልፎ፥ ወደ ሰሜን ምሥራቅ እየዞረ በአሚባራና በገዋኔ የአፋርን ቆላ ያጠጣል። ከሰምና ቀበና ከሸዋ ደጋ፥ ቦርከናና ሚሌ ከወሎ ደጋ እየወረዱ ይጨመሩበታል። በመጨረሻም በዱብቲና በአሳይታ አልፎ በጅቡቲ ድንበር ካለው ከአቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ርዝመቱ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የተፋሰሱም ስፋት 110,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከምንጩ ተነሥቶ አቤ ሐይቅ እስኪደርስ ድረስ ከ2,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል።

ከዚህ አካሄድ ሁለት ነገር ማስተዋል ይገባል። አንደኛው፥ አዋሽ መርከብ የሚሄድበት ወንዝ አለመሆኑ ነው። በሌላው ዓለም የራይን ወንዝ የስዊስን ከተማ ባዝልን ከሆላንድ ወደብ ከሮተርዳም ጋራ በጀልባና በመርከብ ሲያገናኝ፥ አዋሽ ግን ከከፍታ ወደ ዝቅታ በገደል እየተወረወረ ስለሚሄድ ሸክም ሊሸከም አይችልም። ስለዚህ ከተሞቹን ያያያዘው ወንዙ ብቻውን ሳይሆን፥ በወንዙ ዳር የሰው እጅ የሠራው ሥራ ነው። ሁለተኛው፥ አዋሽ ወደ ባሕር የማይወጣ ወንዝ መሆኑ ነው። ባሕር የሚደርስ ወንዝ እድፉንና ጨዉን ከባሕር ይጥላል፤ አዋሽ ግን ከላይ የተቀበለውን ሁሉ እዚያው በአገር ውስጥ ከታች ላለው ወገን ያወርሳል።

ባቡርና መንገድ

አስቀድሞ እነዚህን አገሮች ያያያዘው ምድር ባቡር ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሐዲድ ሥራ ፈቃድ ሰጡ። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ። ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ ብዙ ወጪና ድካም የሚያስከትል ሆኖ ስለ ተገኘ፥ ባቡሩ ከተራራው በታች ቀረ፤ በዚያም ቦታ ድሬዳዋ የምትባለው ከተማ ተቈረቈረች። ከዚያ በኋላ ሐዲዱ አዋሽን ተሻግሮ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ድሬዳዋ ከአዋሽ ተፋሰስ የምትቈጠር ብትሆንም ከእርሷ በኩል የሚወርዱት ወንዞች ከአዋሽ አይደርሱም፤ በአሸዋ ውስጥ ሰምጠው ይቀራሉ። እንግዲህ ውሃ ያላገናኘውን ባቡር አገናኘው ማለት ይቻላል።

የባቡር ጣቢያ ገበያ የሚወልደው በምን ምክንያት እንደ ሆነ ማወቅ ይጠቅማል። ቀድሞ ነጋዴ እህልን በበቅሎና በአህያ ጭኖ ሲሄድ፥ መንገዱ በረዘመ ቁጥር የከብቱ ቀለብና የሰዉ ስንቅ ትርፉን ይበላበት ነበር። ስለዚህ ከጥቂት ቀን መንገድ በላይ እህል ተጭኖ ሲሸጥ አያዋጣም፤ ሩቅ መንገድ የሚችሉት ቡናና የዝሆን ጥርስ፥ ቆዳና ወርቅ፥ እነዚህን የመሳሰሉት ዋጋቸው የከበደ ዕቃዎች ብቻ ነበሩ። ባቡር በመጣ ጊዜ ግን ከጣቢያው አጠገብ ያለ ገበሬ ጤፉንና ስንዴውን እስከ ጣቢያው ካደረሰ ይበቃው ጀመር። ከዚህም የተነሣ ቢሾፍቱ፥ ሞጆ፥ አዳማ፥ መተሐራና አዋሽ የእህልና የከብት መሰብሰቢያ፥ የጨውና የጨርቅ ማከፋፈያ ሆኑ።

ነገር ግን መንገድ ያያያዘውን መንገድ ይፈታዋል። በ1998 ከኤርትራ ጋራ ጦርነት በተነሣ ጊዜ ወደ አሰብ ወደብ ይሄድ የነበረው ንግድ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። የጭነት መኪናዎች በአዋሽና በገዋኔ፥ በሚሌና በጋላፊ በኩል መመላለስ በማብዛታቸው፥ ቀድሞ ጥቂት ቤት የነበረባቸው ሚሌና ሎጊያ በመኪና ነጂዎች ማረፊያነት ሰፉ። አሮጌው ባቡር ግን እየደከመ ሄዶ፥ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለው ክፍል በ2000ዎቹ መጨረሻ ሥራውን አቋረጠ። በዚህ ጊዜ በባቡር ብቻ ይኖሩ የነበሩ ትንንሽ ጣቢያዎች ገበያቸው ፈረሰ፤ ሻይና እንጀራ፥ ብርቱካንና የፍየል ሥጋ ለመንገደኛ እየሸጡ ቤታቸውን ያስተዳድሩ የነበሩ ሴቶችም ያለ ሥራ ቀሩ።

በ2016 በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ የባቡር ሐዲድ ተመርቆ፥ በ2018 መደበኛ ሥራውን ጀመረ። ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ ያለው ፈጣን የመኪና መንገድም በ2014 ተከፈተ። የሞጆ ደረቅ ወደብ ደግሞ ከባሕር የመጣውን ዕቃ ተቀብሎ ለመሐል አገር የሚያከፋፍል ሆነ። ይሁን እንጂ የአዲሱ ባቡር ጣቢያዎች ከአሮጌዎቹ ይልቅ ጥቂቶችና ከከተማ ራቅ ያሉ ናቸው። ስለዚህ ባቡር በአገሩ ማለፉ ብቻ አገሩን አያለማውም፤ ከጣቢያው እስከ ገበያው፥ ከገበያውም እስከ ገበሬው ደጅ የሚያደርስ መንገድ ካልተበጀ፥ ባቡር ለዚያ አገር እየጮኸ የሚያልፍ ነፋስ ነው።

የኤሌክትሪክ ኃይልና መስኖ

ሁለተኛው ማያያዣ ኤሌክትሪክ ነው። አዋሽ ቁልቁል መውረዱ ለመርከብ ባይመችም ለኤሌክትሪክ ኃይል ግን መልካም ሆኖ ተገኝቷል። በ1930ዎቹ በአቃቂ ወንዝ ላይ የአባ ሳሙኤል ግድብ ለአዲስ አበባ መብራት እንዲሰጥ ተሠራ። ቀጥሎም ጣልያን በጦርነቱ ስላደረሰችው ጥፋት ከከፈለችው ካሳ የቆቃ ግድብ ተሠርቶ በ1960 ሥራውን ጀመረ። ከቆቃ በታች አዋሽ ሁለተኛ በ1966፥ አዋሽ ሦስተኛ በ1971 ተጨመሩ። የመጀመሪያው 43,000 ኪሎ ዋት ያህል፥ ሁለቱ ደግሞ እያንዳንዳቸው 32,000 ኪሎ ዋት የመስጠት ችሎታ ነበራቸው። የዚህ ሥራ ብልኃት አንዱን ውሃ ሦስት ጊዜ ማሠራት ነው፤ ከቆቃ የተለቀቀው ውሃ ሳይቀንስ ወርዶ የሁለተኛውንና የሦስተኛውን መኪና ያዞራልና። ከዚያም ያው ውሃ በታች ላለው እርሻ መስኖ ይሆናል።

ግድቡ ለመስኖ የሰጠው ጥቅም ከመብራቱ የሚያንስ አይደለም። አዋሽ በክረምት ሞልቶ ሜዳውን ያጥለቀልቃል፥ በበጋ ግን እጅግ ይመነምናል። ግድቡ የክረምቱን ውሃ አጠራቅሞ በበጋ በልክ ስለሚለቅ፥ ከታች ያለው እርሻ ዓመቱን ሙሉ ውሃ ያገኛል። ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ያቋቋመው የወንጂ ፋብሪካ በ1954 ስኳር ማውጣት ጀምሮ ነበር፤ በኋላም የመተሐራ ስኳር ፋብሪካ ተከተለው። በአሚባራና በተንዳሆም ሰፊ የጥጥ እርሻ ተከፈተ። ይህን ሁሉ እንዲቈጣጠር በ1962 የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን የሚባል መሥሪያ ቤት ቆመ።

ከዚህ በኋላ ከተሞቹ እንዴት እንደ ተያያዙ ልብ ብሎ የሚመለከት ሰው ነገሩ እንደ ድርና ማግ ሆኖ ያገኘዋል። ሸንኮራ ለመቍረጥ ከከምባታ፥ ከሐዲያና ከወላይታ ብዙ ሠራተኛ ወደ ወንጂ መጣ። ሠራተኛው ደመወዙን በአዳማ ገበያ ያወጣል፤ የአዳማ ነጋዴ ይህን ሕዝብ ለመመገብ ከአርሲና ከምንጃር ስንዴና ጤፍ ይገዛል፤ የምንጃር ገበሬ በሸጠው ጤፍ ዋጋ ስኳርና አቡጀዲ ገዝቶ ይመለሳል። አቡጀዲውም በአሚባራ ወይም በተንዳሆ በቅሎ፥ በአቃቂ፥ በድሬዳዋ ወይም በኮምቦልቻ የተፈተለና የተሸመነ ጥጥ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሆኖ ከደጋ እስከ ቆላ ያለ ሰው፥ ሳይተዋወቅ፥ አንዱ የሌላውን ማዕድ ያሰናዳል።

መያያዙም በአንድ ተፋሰስ ብቻ ተወስኖ አልቀረም። የአዋሽ ሦስቱ ግድቦች በድምር ከ100,000 ኪሎ ዋት ጥቂት የሚበልጥ ኃይል ሲሰጡ፥ በኦሞ ወንዝ ላይ በ2016 የተመረቀው ጊቤ ሦስተኛ ብቻውን 1,870,000 ኪሎ ዋት የመስጠት ችሎታ አለው። በዓባይ ላይ የተሠራው ታላቁ የሕዳሴ ግድብም በ2025 ተመርቋል። የኤሌክትሪክ ሽቦ ተራራን ተሻግሮ የሚሄድ ስለ ሆነ፥ ዛሬ በአዋሽ ሸለቆ የሚሮጠውን ባቡር የሚስበው የኦሞና የዓባይ ውሃ ጭምር ነው። ስለዚህ በኦሞ ደጋ የሚራቈት ተራራ የአዳማን ፋብሪካ ሊያቆም ይችላል ቢባል ተረት አይደለም።

የትርፍና የኪሳራ ሒሳብ

እስከዚህ የተነገረው ትርፉ ነው። ነገር ግን ያያያዘው ገመድ ትርፍን ብቻ ሳይሆን ጉዳትንም ካንዱ ወዳንዱ ያሻግራል፤ ብዙ ጊዜም ትርፉ ወደ ከተማ ሲወጣ ጉዳቱ ወደ ታች ይወርዳል። ይህን ሒሳብ የማይመረምር አስተዳዳሪ ግማሹን መዝገብ ብቻ እንደሚያነብ ጸሐፊ ነው።

አስቀድሞ የአፋር አርብቶ አደሮች ነገር ይታሰባል። አፋር ከብቱን በዝናም ወራት በሜዳውና በኮረብታው ያሰማራል፤ በበጋ ግን ሣርና ውሃ የሚያገኘው በአዋሽ ዳር፥ የክረምት ሙላት ባጠጣው መሬት ላይ ነው። ይህ የወንዝ ዳር መሬት ከጠቅላላው አገር ሲተያይ ጥቂት ቢሆንም፥ የመንጋው ነፍስ ግን የተንጠለጠለው በእርሱ ነው። የጥጥና የሸንኮራ እርሻ የተከፈተው በዚሁ መሬት ላይ ስለ ነበረ፥ ለካርታ ሠሪ ባዶ መስሎ የታየው መሬት ለአርብቶ አደሩ የክፉ ቀን ጎተራው ነበር። ከዚያ በኋላ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዝናም በቀረ ጊዜ መንጋው የሚሸሽበት አጣ፤ በ1973 እና በ1974 በወሎና በአፋር የደረሰው ረኃብ ከድርቁ በላይ የከፋው በዚህም ምክንያት ጭምር ነው። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የተባለው ተረት በአዋሽ ዳርም ተፈጸመ። በአንጻሩ ደግሞ በአውሳ በሱልጣን አሊሚራህ ዘመን የአገሩ ሰዎች ራሳቸው ጥጥ አልምተው ተጠቅመዋል። ይህም የሚያሳየው አፋር እርሻን የሚጠላ አለመሆኑን፥ ጉዳቱም የመጣው ከእርሻው ሳይሆን የአገሩን ሰው ሳይጠይቁና ሳያካፍሉ መሬቱን ከመውሰድ መሆኑን ነው።

ሁለተኛው የአፈር መጠረግ ነው። ከቆቃ በላይ ያለው ደጋ ዛፉ ተመንጥሮ ተዳፋቱ እስከ ጫፍ ስለ ታረሰ፥ በየክረምቱ የሚወርደው ጎርፍ አፈሩን ተሸክሞ ከቆቃ ሐይቅ ይከተዋል። ከዚህም የተነሣ ሐይቁ ከመጀመሪያው አቅሙ ከፊሉን አጥቷል። ገበሬው ማሳው ይሳሳል፥ ግድቡ ይደለላል፤ ሁለቱም ይከስራሉ፥ የሚያተርፍ ማንም የለም።

ሦስተኛው የከተማ እድፍ ነው። የአዲስ አበባ የፋብሪካና የቤት እድፍ በአቃቂ፥ የሞጆ ቆዳ ፋብሪካዎች እድፍም በሞጆ ወንዝ በኩል ወደ አዋሽ ይወርዳል። በአቃቂ ዳር በዚሁ ውሃ የለማ አትክልት ተመልሶ ለአዲስ አበባ ገበያ ይቀርባል። ስለዚህ ከተማይቱ የጣለችውን እድፍ በጎመንና በሰላጣ ተመልሳ ትበላዋለች፤ የቀረውም ወንዙን ለሚጠጣው ለታችኛው አገር ሰውና ከብት ይተርፋል።

አራተኛው ያለ ልክ የሚለቀቅ መስኖ ነው። በመተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅ በ1960ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ በኋላ ግን ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆነ። ሊቃውንት ከሚጠቅሷቸው ምክንያቶች አንዱ ከአካባቢው እርሻ ወደ መሬት ውስጥ የሚሰርገው የመስኖ ውሃ ነው። ሐይቁ ጨዋማ ስለ ሆነ የግጦሽና የእርሻ መሬት አጥፍቷል፥ የባቡሩንና የመኪናውን መንገድም አስጨንቋል። እነሆ፥ ከተማን ከከተማ ያያያዘው እርሻ ራሱ ከተማን ከከተማ የሚያያይዘውን መንገድ ሊቈርጥ ደረሰ።

አምስተኛው የውሃ ሙላት ነው። በ2020 ክረምት አዋሽ ሞልቶ በአፋር እጅግ ብዙ ሰው ከቤቱ አፈናቀለ፥ እርሻና ከብትም አጠፋ። ከላይ በዘነበው ዝናም ከታች ያለው ሰው ሲጠፋ፥ ከጥፋቱ አስቀድሞ ወሬ ማድረስ የላይኛው አገር ሹም ግዴታ ነው።

ከአስተዳዳሪና ከባለመሬት የሚፈለገው

ከዚህ በላይ ከተነገረው የሚከተለው ትምህርት ይገኛል።

1ኛ፤ ማንም የአገር ገዥ ወይም የወረዳ ሹም ከአገሩ በላይ ያለው ማን እንደ ሆነ፥ ከአገሩ በታችም የሚጠጣው ማን እንደ ሆነ ያውቅ ዘንድ ይገባዋል። ቦይ እንዲቈፈር፥ ፋብሪካ እንዲቆም፥ ደን እንዲመነጠር ፈቃድ ከመስጠቱ በፊት የታችኛውን አገር ሹምና ሽማግሌዎች መጠየቅ ውለታ ሳይሆን ግዴታ ነው።

2ኛ፤ በደጋው ተዳፋት ላይ እርከን ማሠራት፥ ገደሉንም ከግጦሽ ከልሎ ዛፍ ማስተከል ያሻል። ነገር ግን እርከን የሚሠራው ገበሬ የድካሙን ዋጋ በዓመቱ አያገኝም፤ ትርፉ የሚገኘው በግድቡና በፋብሪካው ነው። ስለዚህ ከኤሌክትሪክና ከስኳር ከሚገኘው ገቢ ለላይኛው ገበሬ ድርሻ መመለስ ፍርድም ብልኃትም ነው። ያለ ዋጋ የተጀመረ እርከን በሁለተኛው ክረምት ይፈርሳልና።

3ኛ፤ በወንዝ ዳር እርሻ ሲከፈት የከብት መሄጃና የውሃ መውረጃ መንገድ አስቀድሞ ተለክቶ ይተው፤ በበጋም የሚበቃ ሣር በመስኖ ይልማ። ከብቱ የሚያልፍበት ያጣ አርብቶ አደር በእርሻው ውስጥ ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጠብ በዳኛ ብቻ የሚበርድ አይሆንም።

4ኛ፤ ውሃ ማስገቢያ ቦይ ሲቈፈር ማስወጫውም አብሮ ይቈፈር። ማስወጫ የሌለው መስኖ መሬቱን ጨው ያደርገዋል፤ በቆላ አገር ጨው የሆነ መሬት ደግሞ በሰው ዕድሜ ተመልሶ ለመልማት ጭንቅ ነው።

5ኛ፤ የፋብሪካ ባለቤት እድፉን ሳያጣራ ወደ ወንዝ እንዳይለቅ የከተማ ሹም ይቈጣጠር። ቍጥጥሩም በወረቀት ላይ ብቻ አይሁን፤ ሹሙ ከፋብሪካው በታች ያለውን ውሃ በየጊዜው አስቀድቶ ያስመርምር።

6ኛ፤ ከባቡር ጣቢያና ከታላቁ መንገድ እስከ ገበያ ያለው የእግርና የጋሪ መንገድ በክረምትም እንዲያስኬድ ይጠገን። ታላቅ መንገድ የሚጠቅመው ትንሹ መንገድ የደረሰለት ገበሬ ብቻ ነው።

በጠቅላላው፥ ልማት ከተሞችን ሲያያይዝ እንደ አንድ ቤት ሰዎች ያደርጋቸዋል። በአንድ ቤት ከላይ የተቀመጠው ከታች ላለው ሳያስብ ቢበላና ቢጠጣ፥ ቤቱ አይጸናም። አዲስ አበባ፥ አዳማ፥ ድሬዳዋ፥ ኮምቦልቻና አሳይታ አንዱ የሌላውን እንጀራ እንደሚበላ ባወቁ መጠን፥ የጋራ ሀብታቸው የሆነውን ወንዝ በጋራ ይጠብቁታል። ይህን ማሳወቅና ማስጠበቅም በየስፍራው የተሾመ ሰው ሁሉ ሥራ ነው። የሚሾመው በወሰን ቢሆንም፥ የሚጠየቀው ከወሰኑ ወጥቶ ለሚወርደው ውሃም ነውና።